በሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ውስጥ የሚካተት ኢንተርንሺፕና የመስክ ልምምድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት፣ የትምህርት መርሐ ግብራቸው የተግባር ልምምድን በግዴታ ወይም በምርጫ የሚያካትት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በብዛት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ የተጻፉ ስላልሆኑ፣ ከእርስዎ ትምህርት ክፍል መመሪያ ጋር የሚጋጭ ነገር ሲያጋጥምዎ የሚጸናው መመሪያው ነው። በመልሶቹ ውስጥ የአንዳንድ አገሮች ሕግ የተጠቀሰው ጉዳዩ በተግባር እንዴት እንደሚታይ ለማመልከት ነው።

ኢንተርንሺፕ፣ ፕራክቲከምና የመስክ ሥራ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሦስቱም ተማሪውን ከመማሪያ ክፍል ያወጡታል፤ የሚለያዩት ተማሪው በሄደበት ቦታ ተጠሪነቱ ለማን ነው በሚለው ነው። ፕራክቲከም ብዙውን ጊዜ አጭር ሲሆን፣ ተማሪው በክፍል የተማረውን ክህሎት መምህሩ ወይም የተመደበለት ባለሙያ በቅርብ እየተከታተለው ይለማመዳል። በኢንተርንሺፕ ጊዜ ግን ተማሪው እንደ ድርጅቱ ሠራተኞች ሁሉ የሥራ ድርሻ ተቀብሎ፣ የቅርብ ኃላፊ ተመድቦለት፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይሠራል። የመስክ ሥራ የሚባለው ደግሞ ለምርምር የሚሆን መረጃ ለመሰብሰብ የሚደረግ ቆይታ ነው፤ እዚህ ላይ የተማሪው ተጠሪነት ለምርምር አማካሪው እንጂ ለሄደበት ተቋም አይደለም። የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1918 ባሉት ዓመታት ዛሬ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ስር ባሉት በትሮብሪያንድ ደሴቶች ያደረገው ቆይታ ለዚህ ዓይነቱ የመስክ ሥራ አርአያ ተደርጎ ይጠቀሳል። በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ግን የመስክ ልምምድ ሲባል ከኢንተርንሺፕ ጋር የሚቀራረብ ነገር ስለሆነ፣ የኮርሱን መግለጫ ሳያነቡ በስያሜው ብቻ መወሰን አይገባም።

ቀደም ሲል የሥራ ልምድ ያለው ተማሪ ለምን ልምምድ ይወጣል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ብዙዎቹ ለዓመታት የሠሩ በመሆናቸው፣ እንደ አዲስ ተመራቂ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚመስል እንዲያዩ መላካቸው ጊዜ ማባከን ሊመስላቸው ይችላል። የልምምዱ ዓላማ ግን ሥራን ማየት አይደለም። በሥራ ዓለም ሰው የሚመዘነው የተሰጠውን በወቅቱ በማጠናቀቁ ሲሆን፣ በልምምድ ግን ያንኑ ሥራ ለምን በዚያ መንገድ እንደሠራው፣ የትኛው ንድፈ ሐሳብ እንደሚደግፈውና የትኛው እንደሚቃወመው፣ በሌላ መንገድ ቢሠራ ምን ይቀየር እንደነበር እንዲያስረዳ ይጠየቃል። የትምህርት ተመራማሪው ዴቪድ ኮልብ እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረበው የታወቀ ማዕቀፍ መሠረት ትምህርት የሚገኘው ከልምዱ ብቻ ሳይሆን፣ ልምዱን መለስ ብሎ ከማየት፣ ከታየው ነገር አጠቃላይ ሐሳብ ከማውጣትና ያንን ሐሳብ በአዲስ ሁኔታ ላይ ከመሞከር ነው። ሥራ የበዛበት ሠራተኛ ከእነዚህ አራት ደረጃዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ለቀሩት ሦስቱ ጊዜና ጠያቂ ሰው የሚያገኘው ልምምዱ የትምህርት አካል ሲሆን ነው።

አሠራሩ ራሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ ለበጎ አድራጎት ሠራተኞች የተከፈተው የ6 ሳምንት የክረምት ሥልጠና፣ በኋላ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ለመሆን የበቃው፣ ከመነሻው ተቋማትን በአካል ሄዶ መመልከትን ያካተተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ደግሞ ኸርማን ሽናይደር በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች ትምህርትንና የፋብሪካ ሥራን እያፈራረቁ የሚማሩበትን ሥርዓት ጀመረ።

ልምምዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በክሬዲት እንዴት ይሰላል?

እንደ ሙያው በእጅጉ ይለያያል። በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ስለሚወክል፣ 10 ክሬዲት የተመደበለት ኢንተርንሺፕ ከ250 እስከ 300 ሰዓት ይጠይቃል ማለት ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ሪፖርት የሚጻፍበት፣ ንባብ የሚደረግበትና ከአማካሪ ጋር የሚወያዩበት ጊዜም እንደሚቆጠር ብዙ ተማሪዎች አያስተውሉም፤ በዚህም ምክንያት ሰዓቱን በሙሉ በድርጅቱ ወንበር ላይ ካሳለፉ በኋላ ሪፖርቱን በትርፍ ጊዜያቸው ለመጻፍ ይገደዳሉ።

ፈቃድ በሚጠይቁ ሙያዎች ቁጥሩ ከፍ ይላል። በአሜሪካ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርትን የሚመዝነው ምክር ቤት ለሁለተኛ ዲግሪ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ይጠይቃል። በዚያው አገር የምክር አገልግሎት ትምህርትን የሚመዝነው አካል ደግሞ 100 ሰዓት ፕራክቲከም፣ ከዚያም 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ የሚያዝዝ ሲሆን፣ ከ600ው ውስጥ 240ው ከተገልጋይ ጋር በቀጥታ የሚሠራ መሆን አለበት። የኅብረተሰብ ጤና ትምህርትን የሚመዝነው አካል በበኩሉ ዋናውን ትኩረት ያደረገው በሰዓት ላይ ሳይሆን፣ ተማሪው ቢያንስ አምስት ብቃቶችን ማሳየቱና ለተቀበለው ተቋም የሚጠቅሙ ቢያንስ ሁለት የሥራ ውጤቶችን ማቅረቡ ላይ ነው። በእኛ እይታ ይህ የመጨረሻው አካሄድ ይበልጥ ትርጉም አለው፤ የተቆጠረ ሰዓት መገኘትን እንጂ መማርን አያረጋግጥም።

ከመመዝገብዎ በፊት ቀላል ስሌት ይሥሩ። 900 ሰዓትን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማለትም በ16 ሰዓት ቢከፋፍሉት ከ56 ሳምንት በላይ ይወስዳል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ቢያደርጉት ግን ወደ 38 ሳምንት ዝቅ ይላል። 300 ሰዓት ደግሞ በሳምንት 20 ሰዓት ሲሠራ 15 ሳምንት፣ በግምት አንድ ሴሚስተር ይሆናል። ከዚህ ጎን ለጎን ሌሎች ኮርሶችና የመመረቂያ ጽሑፍ ፕሮፖዛል እንዳሉም አይዘንጉ።

ቦታውን የሚፈልገው ማን ነው?

በሁለት መንገድ ይሠራል። ፈቃድ በሚጠይቁ ሙያዎች ትምህርት ክፍሉ ስምምነት በተፈራረማቸው ተቋማት ውስጥ ተማሪዎችን ይመድባል፤ በሌሎቹ ዘርፎች ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያቀርብና ትምህርት ክፍሉ ያጸድቃል። ሁለተኛው መንገድ የሚመለከትዎ ከሆነ ፍለጋውን ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ቀደም ብለው ይጀምሩ፤ የድጋፍ ደብዳቤ ማጻፍ፣ ምላሽ መጠበቅ፣ ቃለ መጠይቅና የስምምነት ፊርማ ተደማምረው ከታሰበው በላይ ይወስዳሉ።

ተማሪዎች ቦታ ሲመርጡ የሚያዩት የድርጅቱን ስም ነው። ከስሙ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ግን በየሳምንቱ አብሮዎት የሚቀመጠው ባለሙያ ማን እንደሆነ ነው። ስመ ጥር በሆነ ተቋም ውስጥ ጊዜ የሌለው ኃላፊ ከሚመደብልዎ፣ ብዙም በማይታወቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅና ለማስረዳት የማይሰለች ሰው ቢያገኙ እጅግ የተሻለ ነው። በቃለ መጠይቁ ጊዜ እርስዎም ይጠይቁ፦ የሚከታተለኝ ማን ነው? ከዚህ ቀደም ስንት ተማሪ ተከታትሏል? በቆይታዬ ለእረፍት ወይም ለሌላ ሥራ ቢሄድ ማን ይተካዋል? የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም አይጠይቅም፤ ልምምድ መሐል ላይ የሚበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መስፈር ያለበት ምንድን ነው?

ከሁሉም ጥያቄዎች ሰፋ ያለ መልስ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ በኋላ የሚነሱ አለመግባባቶች አብዛኞቹ መነሻቸው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሳይጻፍ የቀረ ነገር ነውና። ስምምነቱን ሦስት ወገኖች፣ ማለትም ተማሪው፣ ዩኒቨርሲቲውና ተቀባዩ ድርጅት፣ ሊፈርሙበት ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም፣ በኢራስመስ፣ ስር የሚደረጉ ከ2 እስከ 12 ወር የሚቆዩ ልምምዶች የሚካሄዱት በዚህ መልክ ሲሆን፣ በፈረንሳይም ያለ ሦስትዮሽ ውል ተማሪን ለልምምድ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው።

በስምምነቱ ውስጥ የመጀመሪያና የመጨረሻው ቀን፣ የሳምንቱ የሥራ ሰዓት፣ የፈተና ሳምንት ፈቃድ፣ የሁለቱም ወገን ተቆጣጣሪዎች የሥራ ድርሻ፣ በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስ የመድን ዋስትናው የማን እንደሆነ፣ ክፍያ ወይም የትራንስፖርት አበል መኖር አለመኖሩ፣ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ፣ እንዲሁም ተማሪው ያዘጋጀው ሥራ ባለቤትነት ለማን እንደሆነ መገለጽ አለበት። ከነዚህ ውስጥ ተማሪዎች ሳያነቡ የሚያልፉት የሚስጥር ጠባቂነት አንቀጽን ነው። አንቀጹ በቆይታዎ ያዩትን ሁሉ በማንኛውም መልክ ለማንም እንዳይገልጹ የሚከለክል ከሆነ፣ የልምምድ ሪፖርትዎን ለመምህርዎ ማስረከብ ራሱ የውል ጥሰት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለትምህርት ግምገማ ሲባል ለዩኒቨርሲቲው የሚቀርብ ሪፖርት ከክልከላው ውጪ እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር ይጠይቁ። ድርጅቶች ይህን ሲጠየቁ እምቢ የሚሉት እምብዛም ነው።

ከአስተዳደራዊ ጉዳዮቹ በላይ የሚያደክመው ግን የትምህርት ግቦቹን መጻፍ ነው። ብዙውን ጊዜ በቅጹ ላይ የሚሰፍረው “በክትትልና ግምገማ ሥራ በቂ ልምድ መቅሰም” የሚል ዓይነት ነገር ነው። ይህ ምኞት እንጂ ግብ አይደለም፤ መሳካቱንም ሆነ አለመሳካቱን ማንም ሊናገር አይችልም። ተመሳሳዩ ሐሳብ እንደሚከተለው ሲጻፍ ግን መልክ ይይዛል፦ “እስከ ሁለተኛው ወር መጨረሻ ድረስ ለአንድ ፕሮጀክት የመነሻ ጥናት መጠይቅ ማርቀቅ፣ በጥቂት ሰዎች ላይ መሞከር፣ ተጠያቂዎቹ ያልገቧቸውን ጥያቄዎች ለይቶ ማረም፣ ለምን እንደታረሙም ከናሙናና ከመለኪያ ትምህርት ጋር አያይዞ ለቡድኑ ማስረዳት።” እዚህ ላይ የሚሠራው ነገር፣ የሚጠናቀቅበት ጊዜ፣ ከትምህርቱ ጋር ያለው ግንኙነትና የሚገመገምበት መንገድ አብረው ሰፍረዋል። ሦስት ወይም አራት እንዲህ ያሉ ግቦች ከበቂ በላይ ናቸው። አሥራ ሁለት ግብ የዘረዘረ ቅጽ ሲቀርብልን የምንገምተው ተማሪው ገና ምን እንደሚፈልግ እንዳልወሰነ ነው።

ክፍያ ይኖረዋል?

በአገሩ ሕግና በልምምዱ ዓይነት ይወሰናል። በፈረንሳይ በአንድ የትምህርት ዘመን ከሁለት ወር በላይ የሚቆይ ልምምድ አነስተኛ አበል እንዲከፈልበት ሕጉ ያስገድዳል። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ፣ በሥርዓተ ትምህርት የታዘዘን ልምምድ አይመለከትም፤ በእንግሊዝም የከፍተኛ ትምህርት ኮርስ አካል ሆኖ ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ልምምድ ከዝቅተኛው ደመወዝ ግዴታ ነፃ ነው። በአሜሪካ ለትርፍ የተቋቋመ ድርጅት ለተለማማጅ ሳይከፍል ሲቀር፣ ከግንኙነቱ በዋናነት የተጠቀመው ማን ነው የሚለው በሰባት መመዘኛዎች ይመረመራል፤ ልምምዱ ከትምህርት ፕሮግራሙ ጋር መተሳሰሩና የተማሪው ሥራ የመደበኛ ሠራተኛን ሥራ የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አለመሆኑ ከመመዘኛዎቹ መካከል ናቸው።

አንድ እንግዳ ነገር እዚህ ላይ መታዘብ ይቻላል። ልምምዱ ግዴታ ሲሆን የሕግ ጥበቃው በብዙ አገር ይላላል፤ ተማሪው ላለመሄድ በማይችልበት ሁኔታ ደመወዝ ሳይከፈለው የሚሠራው፣ ለዚያውም የክሬዲቱን የትምህርት ክፍያ ለዩኒቨርሲቲው እየከፈለ ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ተማሪ ይህን ከመመዝገቡ በፊት ሊያውቀው ይገባል፤ ትምህርት ክፍሎችም ልምምዱ በሳምንት በተወሰኑ ቀናት ተከፋፍሎ እንዲካሄድ በመፍቀድ ሸክሙን ማቅለል ይችላሉ።

አሁን ተቀጥሬ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ልምምዱን ማድረግ እችላለሁ?

አንዳንድ ትምህርት ክፍሎች ፈጽሞ አይፈቅዱም፤ የሚፈቅዱትም ሁለት ነገር እንዲለይ ይጠይቃሉ። አንደኛ፣ በልምምድ የሚሠሩት ሥራ ከመደበኛ የሥራ መደብዎ የተለየ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ሰው በሰው ኃይል ልማት ክፍል ውስጥ ልምምዱን ሊያደርግ ይችላል። ሁለተኛ፣ ልምምዱን የሚከታተለው ሰው የዘወትር አለቃዎ መሆን የለበትም። ለደረጃ ዕድገትዎ የሚፈርም ሰው ፊት የማያውቁትን ነገር አላውቅም ማለት ከባድ ነው፤ ልምምድ ደግሞ አላውቅም ማለት ካልተቻለ ትርጉሙን ያጣል።

ሱፐርቪዥን ሲባል በተግባር ምን ይደረጋል?

የሥራ ምደባና ሱፐርቪዥን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኃላፊዎ ጠዋት መጥቶ የዕለቱን ሥራ ቢነግርዎ ያ ምደባ ነው። ሱፐርቪዥን ግን በየሳምንቱ በታወቀ ሰዓት ተቀምጠው ያለፈውን ሥራ የሚመረምሩበት ውይይት ነው። ከላይ የጠቀስነው የምክር አገልግሎት ትምህርት መመዘኛ በሳምንት በአማካይ አንድ ሰዓት በግል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ደግሞ በቡድን የሚደረግ ሱፐርቪዥን ያዝዛል። እንዲህ ያለ መመዘኛ በሌላቸው ዘርፎችም የአንዷን ሰዓት ልክ መከተል መልካም ነው።

ሰዓቷ እንዳትባክን አጀንዳውን የሚያዘጋጀው ተማሪው ቢሆን ይመረጣል። በሳምንቱ ውስጥ ከገጠመዎት አንድ ጉዳይ ብቻ ይምረጡና ምን እንደተፈጠረ፣ እርስዎ ምን እንዳደረጉ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳሰቡ ለይተው ጽፈው ይዘው ይቅረቡ። አንዲት የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ከአንድ አባት ጋር ስላደረገችው ውይይት ስትጽፍ፣ “ስለ ልጁ ትምህርት ስጠይቀው ዝም አለ፤ እኔም ወዲያው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ” ብላ ብታሰፍር፣ ሱፐርቫይዘሯ በሰዓቱ ውስጥ ሌላ ነገር ሳትነካ በዚያች ዝምታ ላይ ብቻ ልትቆይ ትችላለች፦ ዝምታው ስንት ጊዜ ቆየ? ለምን ከበደሽ? ትንሽ ብትጠብቂው ኖሮ ምን ሊል ይችል ነበር? እንዲህ ያለው ውይይት ከቢሮ ውጪ በኮሪደር ላይ ቆሞ አይካሄድም።

ከዩኒቨርሲቲው በኩል የሚመደበው መምህር ድርሻ ሌላ ነው። እሱ ድርጅቱን ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ሲቻል በመጀመሪያውና በመጨረሻው ወር፣ ጎብኝቶ ሦስታችሁም በተገኛችሁበት ግቦቹ የት እንደደረሱ ያያል። የመምህሩ ጉብኝት በስልክ ጥሪ ብቻ ሲተካ ተማሪው ያለበትን ችግር በኃላፊው ፊት ሊናገር ስለማይችል፣ ለብቻው የሚያነጋግርበት ጊዜ እንዲኖር ይጠይቁ።

የውሎ ማስታወሻው ላይ ምን ልጻፍ?

የሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጹና የውሎ ማስታወሻው ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ናቸው። በመጀመሪያው ላይ “ስብሰባ ተካፈልኩ፣ ሪፖርት አጠናቀርኩ” ማለት ይበቃል። በማስታወሻው ላይ ግን ስብሰባው ውስጥ ማን ሐሳብ እንዳቀረበ፣ ውሳኔው ስብሰባው ላይ ተወሰነ ወይስ ቀድሞ ያለቀለት ነበር፣ ከድርጅት አስተዳደር ኮርስ ከተማሩት ጋር የት ላይ እንደሚለያይ ይጻፋል። ዕለቱን በዕለቱ ይጻፉ፤ ሐሙስ የሆነውን እሑድ ማታ ለማስታወስ ሲሞከር የሚገኘው ማጠቃለያው እንጂ ዝርዝሩ አይደለም። የተገልጋይ፣ የታካሚ ወይም የሠራተኛ ስም ግን በማስታወሻው ላይ ፈጽሞ አይስፈር፤ መለያ ቁጥር ወይም የተቀየረ ስም ይጠቀሙ፣ ደብተሩንም ሆነ ፋይሉን በሌላ ሰው እጅ ሊገባ በሚችል ቦታ አይተዉ።

በልምምድ ላይ ሳለሁ ያገኘሁትን መረጃ ለመመረቂያ ጽሑፌ መጠቀም እችላለሁ?

ተማሪዎች ሳያውቁት ከባድ ችግር ውስጥ የሚገቡት እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ዘርዘር እናድርገው። በተለማማጅነት የሚያዩት መዝገብና የሚሰሙት ንግግር ለእርስዎ ክፍት የሆነው ለድርጅቱ ሥራ እንዲጠቅም ነው። ያንኑ መረጃ ለምርምር መጠቀም ሌላ ዓላማ ስለሆነ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል። የምርምር ሥነ ምግባር መሠረት ከሆኑት ሰነዶች፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ሕክምና ምርምር ከወጣው የሄልሲንኪ መግለጫና በ1979 በአሜሪካ ከወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ጀምሮ የጸናው መርህ፣ ሰዎች በምርምር የሚሳተፉት ምርምር መሆኑን አውቀውና በነፃ ፈቃዳቸው መሆን አለበት የሚል ነው። የምክር አገልግሎት ፈልጎ የመጣ ሰው ያዋየዎትን ጉዳይ ከወራት በኋላ በመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ አራት ውስጥ ቢያነብ፣ ስሙ ቢቀየርም እንኳ፣ አልፈቀድኩም የማለት ሙሉ መብት አለው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። የምርምር ሐሳቡን ከአማካሪዎ ጋር ይቀርጻሉ፤ ከድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ፕሮፖዛሉን ለዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያቀርባሉ፤ መረጃ መሰብሰብ የሚጀምሩት ኮሚቴው ካጸደቀ በኋላ ነው። ኮሚቴዎች በአብዛኛው ወደ ኋላ ተመልሰው ስለማያጸድቁ፣ ከፈቃዱ በፊት የተሰበሰበ ቃለ መጠይቅ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሊጣል ይችላል። የድርጅቱ ፈቃድም የግለሰቦቹን ፈቃድ አይተካም፤ ሥራ አስኪያጁ “ሠራተኞቼን ጠይቃቸው” ቢልዎት እያንዳንዱ ሠራተኛ እምቢ የማለት መብቱ እንደተጠበቀ ነው፣ እምቢ ማለቱም ለሥራ አስኪያጁ መነገር የለበትም።

ሌላው ጉዳይ የሁለት ድርሻ ጉዳይ ነው። በምሳ ሰዓት አብሮዎት የሚቀመጠው ባልደረባ የሚያወራዎት ለጓደኛው ነው ወይስ ለተመራማሪ? በመጀመሪያው ሳምንት ምርምር እንደሚያደርጉ በግልጽ ቢናገሩም ሰው ይረሳል። መደበኛ ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉ ቦታውንና ሰዓቱን ለይተው፣ የፈቃደኝነት ቅጹን አስፈርመው፣ ከዕለት ተዕለት ጨዋታው ያልተቀላቀለ ያድርጉት፤ በጨዋታ የሰሙትን ቁም ነገር መጠቀም ከፈለጉ ደግሞ ለተናገረው ሰው ተመልሰው ይጠይቁት። በመጨረሻም ግኝቱ ለድርጅቱ የማይመች ሆኖ ከተገኘ ማን ምን ሊከለክል እንደሚችል አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ድርጅቱ ረቂቁን አይቶ የመረጃ ስህተት እንዲያርምና የንግድ ሚስጥር እንዲወጣ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ መደምደሚያውን እንዲያስቀይር መፍቀድ ግን ተገቢ አይደለም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ጽሑፉ ለተወሰነ ጊዜ በቤተ መጻሕፍት ለአንባቢ ክፍት እንዳይሆን በማድረግ ሁለቱንም ወገን ያስማማሉ።

የሚሰጠኝ ሥራ ፎቶ ኮፒና ፋይል መደርደር ብቻ ቢሆንስ?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንዲህ ቢሆኑ አይደንግጡ፤ ፋይል የሚደረድር ሰው የድርጅቱን አሠራር ከማንም በፊት ያውቃል። ከዚያ በኋላ ካልተለወጠ ግን ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ግማሽ ጊዜው ከማለፉ በፊት መናገር ይሻላል። ወደ ኃላፊው ሲቀርቡ በቅሬታ ሳይሆን የተፈረመውን ስምምነት ይዘው ይቅረቡ፦ “ሁለተኛው ግብ ላይ መጠይቅ አረቅቃለሁ የሚል አለ፤ የትኛው ፕሮጀክት ላይ ልጀምር?” ብሎ መጠየቅ ሥራ አልተሰጠኝም ከማለት በጣም ይለያል፤ ኃላፊውም ለመመለስ ይቀለዋል። ካልተሳካ ለዩኒቨርሲቲው መምህር በጽሑፍ ያሳውቁ። ቦታ መቀየር ይቻላል፤ ዘግይቶ ሲጠየቅ ግን የተሠራው ሰዓት ላይቆጠር ይችላል።

ትንኮሳ ወይም ለደህንነቴ የሚያሰጋ ነገር ቢያጋጥመኝ?

ወዲያውኑ ከቦታው ይውጡና ለዩኒቨርሲቲው ያሳውቁ፤ ሰዓቱ አይቆጠርልኝም የሚለው ስጋት ሊያስቀርዎት አይገባም። የሆነውን ነገር ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነበሩትን ሰዎች ጨምረው በዕለቱ ይጻፉት። ወደ ሰው ቤት መሄድን ወይም ርቆ መጓዝን የሚጠይቅ የመስክ ሥራ ከሆነ፣ የት እንደሄዱና መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ አንድ የተመደበ ሰው ይኑር። ይህን ሥርዓት የማዘጋጀት ኃላፊነት የተቋማቱ እንጂ የተማሪው ብቻ አይደለም።

በውጭ አገር የምማር ተማሪ ከሆንኩ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገኛል?

አዎ፤ የተማሪ ቪዛ በራሱ ለሥራ ልምምድ በቂ ላይሆን ይችላል። በአሜሪካ ለምሳሌ፣ የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው የሥርዓተ ትምህርቱ አካል የሆነ ልምምድ የሚጀምረው የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን ከሰጠው በኋላ ሲሆን፣ በዚህ ፈቃድ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ልምምድ ያደረገ ተማሪ በዚያው የትምህርት ደረጃ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠውን የሥራ ፈቃድ ያጣል። የሕግ ጥያቄዎችን ለጓደኛ ሳይሆን ለዚሁ ጽሕፈት ቤት ያቅርቡ፣ ፈቃዱ በእጅዎ ሳይገባም አንድ ቀን እንኳ አይሥሩ።

ልምምዱን ከቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት መሥራት ይቻላል?

በመረጃ ትንተና፣ በሶፍትዌር፣ በፖሊሲ ጥናትና በመሳሰሉት ዘርፎች ይቻላል። ከሰው ጋር ፊት ለፊት መሥራትን በሚያስተምሩ ሙያዎች ግን ከፊሉ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሥራውን ከርቀት መጨረስ ቢቻልም በመሥሪያ ቤት ውስጥ ሳይጠየቅ በጆሮ የሚገባው እውቀት ይቀራል፤ ስለዚህ የሱፐርቪዥኑ ሰዓት በቪዲዮ ሳይቋረጥ መካሄዱና ተማሪው በመደበኛ ስብሰባዎች ላይ መገኘቱ በስምምነቱ ላይ ይስፈር።

እንዴት ነው የሚገመገመው? መውደቅስ አለ?

ብዙ ትምህርት ክፍሎች በፊደል ውጤት ፋንታ አለፈ ወይም አላለፈ የሚል ምዘና ይጠቀማሉ። የድርጅቱ ሱፐርቫይዘር የምዘና ቅጽ ይሞላል፣ ተማሪው ሪፖርት ያቀርባል፣ የመጨረሻውን ውጤት የሚሰጠው ግን መምህሩ ነው። የሱፐርቫይዘሮች ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ በምስጋና የተሞላ ስለሆነ መምህራን ይበልጥ የሚያዩት ሪፖርቱን ነው። ጥሩ ሪፖርት የድርጅቱን ታሪክና መዋቅር በአሥር ገጽ የሚተርክ አይደለም፤ ያ ከብሮሹር ሊገለበጥ ይችላል። እያንዳንዱን ግብ አንሥቶ የተሠራውን፣ ያልተሠራውንና ያልተሠራበትን ምክንያት የሚያስረዳ፣ ከሥራው ናሙና የሚያያይዝ መሆን አለበት። ግቡ ያልተሳካ ሆኖ ምክንያቱ በሚገባ ከተተነተነ ተማሪው አይወድቅም።

መውደቅ ግን አለ። የተገልጋይን ሚስጥር ማውጣት፣ ያልተሠራን ሰዓት እንደተሠራ አድርጎ መሙላትና ሳያሳውቁ መቅረት ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው። ተማሪው ወደዚያ እያመራ እንደሆነ በአጋማሹ ምዘና በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል፤ ይህ ሳይደረግ በመጨረሻው ሳምንት አላለፍክም የተባለ ተማሪ ይግባኝ ለማቅረብ በቂ ምክንያት አለው።

ልምምዱ ሲያልቅ ምን ማስጨረስ አለብኝ?

በእጅዎ ያሉ ሥራዎችን፣ ፋይሎቹ ያሉበትን ቦታና የቀረውን ሥራ የሚገልጽ አጭር የርክክብ ማስታወሻ ይጻፉ። የሰዓት ቅጹን ሱፐርቫይዘሩ ከመሄድዎ በፊት ይፈርምልዎት፤ ሰው ሥራ ሲለቅ ፊርማ ፍለጋ ወራት ሊወስድ ይችላል። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሲጠይቁ ቀኑና ጠቅላላ ሰዓቱ፣ የሠሩት ሥራ ዝርዝርና ልምምዱ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት አካል እንደነበር እንዲጠቀስ ያድርጉ፤ የሙያ ፈቃድ የሚሰጡ አካላት በኋላ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። በግል ላፕቶፕዎ ወይም ስልክዎ ላይ የቀረ የድርጅቱ መረጃ ካለ አጥፍተው ማጥፋትዎን በኢሜይል ያሳውቁ፤ ለምርምር እንዲያስቀሩ የተፈቀደልዎት ካለም የትኛው እንደሆነ በዚያው ኢሜይል ላይ ይጥቀሱ።